ለማማረር የሚያበቃ ፓስፖርት

ቪዛ የተከለከልኩ ዕለት የተኛሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሳለቅስ ያደርኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ራሰ በራ እንግሊዛዊ በሰው ገንዘብ ዓለምን እየዞረ ሲነጫነጭ እያየሁ ስስቅ ነው ያመሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሦስት ቀን የሶፍትዌር ጉባኤ ወደ አውሮፓ ሊልከኝ አስቦ ነበር። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሆቴል ቡኪንግ ሰበሰብኩ። አሻራ ሰጠሁ። ሳምንታት ጠበቅኩ። መልሱ አንድ ገጽ ፎርም ነው፤ ከተደረደሩት ምክንያቶች መካከል አንዱ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ትርጉሙ ባጭሩ፦ «ትመለሻለሽ ብለን አናምንም።» እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያቺን ከተማ ለማየት ያን ያህል ጉጉት አልነበረኝም። በረራ ያመኛል፤ ብርድ አልወድም፤ ጉባኤው ላይ የሚቀርበውንም ዩቲዩብ ላይ ማየት እችል ነበር። ግን ይህንን ለማን ነው የምናገረው? ቪዛ ጠያቂ «ብዙም አልጓጓሁም» አይልም።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከወራት በፊት በፍላሽ የሰጠኝን ዝግጅት ከፈትኩ። «አን ኢዲየት አብሮድ» ይባላል፤ «ቂል በባሕር ማዶ» እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዙ ስካይ ዋን ቻናል ነው የጀመረው። ኮሜዲያኖቹ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት በሬዲዮ ፕሮግራማቸው ላይ ይሠራ የነበረውን ፕሮዲውሰር፣ የማንቸስተሩን ልጅ ካርል ፒልኪንግተንን፣ የዓለምን ሰባት ድንቆች እንዲያይ ይልኩታል። ቻይና፣ ሕንድ፣ ዮርዳኖስ፣ ሜክሲኮ፣ ግብጽ፣ ብራዚል፣ ፔሩ። ካርል መሄድ አይፈልግም። ቤቱን ይወዳል፣ የለመደውን ምግብ ይወዳል፣ ሽንት ቤቱን ደግሞ በጣም ይወዳል። መርቻንት ጉዞ ሰውን ይለውጣል ብሎ ያምናል፤ ጀርቬይስ ግን የሚፈልገው ሰውየው ሲሰቃይ ማየት ብቻ ነው። ይህንንም አይደብቅም።

ቀልዱ የሚሠራው ካርል ሁሉንም ነገር ከቤቱ ጋር ስለሚያወዳድር ነው። የቻይናን ታላቁን ግንብ አይቶ፣ ረጅም መሆኑ ብቻውን እንደማያስደንቅ፣ የእንግሊዙ ኤም ሲክስ አውራ ጎዳናም ረጅም እንደሆነ ይናገራል። ማቹ ፒቹ ድረስ ተጉዞ፣ ከሩቅ ካየው በኋላ ይበቃኛል ይላል። እኛ ኢንጂነሮች ይህን ዓይነት ሰው እናውቀዋለን። ሁሉም ስለ አዲሱ ሲስተም ሲያጨበጭብ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ «የድሮውስ ምን ሆነና?» የሚለው ነው። ያበሳጫል፤ ከሦስት ጊዜ አንዴ ግን ልክ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ አየ። አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወገቡን ስለሚያመው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ እኔ እየተረጎምኩለት። አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ጠየቀኝ፦ «ይሄ ሰውዬ ማን አስገድዶት ነው?»

«ጓደኞቹ ልከውት ነው። ይከፈለዋል።»

«እንዲያ በይኝ! ሥራው ነዋ» አለና ከዚያ በኋላ በሙሉ ልቡ ከካርል ጎን ሆነ። ካርል ስለ አልጋው ሲያማርር «እውነቱን ነው» ይላል። ካርል ስለ ምግቡ ሲያማርር «እውነቱን ነው»። እኔ የምስቅበት ቦታ ላይ እሱ ያዝናል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀኝ አለ። ሥራዬ ባግ ማደን ነው፤ ስህተቱ ከየት እንደተነሳ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ነጭናጫ መንገደኛ ከየት መጣ? መቼ ነው ጉዞን አለመውደድ ራሱን የቻለ የቀልድ ዘርፍ የሆነው?

ወደኋላ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት ማርክ ትዌይንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 «ኩዌከር ሲቲ» በምትባል መርከብ ከአሜሪካውያን ተሳላሚዎችና አገር ጎብኚዎች ጋር ወደ አውሮፓና ወደ ቅድስት አገር ሄደ። በ1869 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ «የዋሆች በባሕር ማዶ» እንደማለት ነው፤ የካርል ዝግጅት ስም ከየት እንደሚያስተጋባ እዚህ ላይ ይታያል። ጄኖዋ ላይ አስጎብኚያቸው የኮሎምበስን ሐውልት እያሳየ አድናቆት ሲጠብቅ፣ እነ ትዌይን ሆነ ብለው ፊታቸውን አጨፍግገው «ሞቷል እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። ከትዌይን መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ቶቢያስ ስሞሌት አለ። በ1766 ያሳተመው የፈረንሳይና የጣሊያን ጉዞ መጽሐፍ ስለ ማደሪያ ቤቶች፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ሠረገላ ነጂዎች በማማረር የተሞላ ነው። ሎረንስ ስተርን የተባለው ሌላ ደራሲ በ1768 በጻፈው መጽሐፍ «ስሜልፈንገስ» የሚል ቅጽል አውጥቶ ተሳለቀበት፤ ሽታና ሻጋታ የሚሉትን ቃላት የሚያስታውስ ስም ነው።

ስተርን ግን አንድ ነገር አልነገረንም። ስሞሌት ከአገሩ የወጣው በ1763 አንድያ ልጁ፣ የ15 ዓመቷ ኤልሳቤጥ፣ ከሞተችበት በኋላ ነው። እሱም የሳንባ ሕመምተኛ ነበር። ሰውየው ያማርር የነበረው ስለ አልጋ ትኋን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ስለ ነጭናጮች ያለኝ አስተያየት ትንሽ ለስለስ አለ።

ከዚያ ኢቭሊን ዎ ጋ ደረስኩ። እሱ ጋ ስደርስ ነገሩ ቤቴ ገባ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ ከዓለም ዙሪያ ወደ አዲስ አበባ ከጎረፉት እንግዶችና ጋዜጠኞች መካከል አንዱ ዎ ነበር። ገና 27 ዓመቱን መድፈኑ ነው፤ የእኔ ዕድሜ ማለት ይቻላል። ሁለት አስቂኝ ልብ ወለዶች ጽፎ ዝነኛ ሆኗል። ትዳሩ ፈርሷል። ከወር በፊት ካቶሊክ ሆኗል። ከጅቡቲ በባቡር መጣ። ያየውን በማግስቱ ዓመት «ሪሞት ፒፕል» በሚለው መጽሐፉ አወጣው፤ «የሩቅ ሕዝቦች» ማለት ነው።

መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊት ልናደድ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳቅኩ። ምን ላድርግ! አዲስ አበባ ለበዓሉ በጥድፊያ ስትሠራ፣ ለበዓል የቆሙት ቅስቶች ሳያልቁ እንግዶቹ ሲደርሱ የጻፈውን አንብቤ፣ መንገዱ ተቆፍሮ ከተማው በሙሉ ለአንድ ስብሰባ ሲቀባባ ያየሁበትን ሳምንት አስታወስኩ። የፈረንጅ ጋዜጠኞቹን ደግሞ አይምራቸውም። ሥርዓቱ ረጅም ስለነበርና የሰኞ ጋዜጣ ስለማይጠብቃቸው፣ ያላዩትን በዓል አስቀድመው ጽፈው እንደላኩ ያጋልጣል። ቅዳሴውን እያንዳንዷን ቃል አውቃለሁ የሚል አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር አለ፤ አሁን ይሄ ተጀመረ፣ የለም ተሳሳትኩ ያኛው ነው፣ እያለ ጎኑ የተቀመጠውን ዎን ግራ ያጋባዋል። እዚህ ድረስ ቀልዱ በራሳቸው በእንግዶቹ ላይ ነው። ልክ እንደ ካርል።

ከፕሮፌሰሩ ጋር ደብረ ሊባኖስ ድረስ ወርዶ አደረ። ሐረርን ወደዳት፤ እዚያ አረጋዊውን የካቶሊክ ጳጳስ አግኝቶ ስለ ገጣሚው ራምቦ ጠየቃቸው። ሲመለስ ግን ባቡርና መርከብ ጥበቃ ድሬዳዋ ላይ ቀኑ አልገፋ አለው። ስለዚህ መሰልቸት ብቻ አንድ ምዕራፍ ጽፏል፤ ርዕሱ «የመጀመሪያው ቅዠት» ነው። አንድ ሰው ስለ መጠበቅ ምዕራፍ መጻፉ ገረመኝ። አባዬ በጅቡቲ መንገድ ላይ የጠበቀውን ቢጽፍ ቤተ መጻሕፍት በወጣው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እዚያው በዓል ላይ ሌላ ወጣት እንግሊዛዊ ነበር፤ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር። ሁለቱ አልተዋደዱም። ቴሲጀር በዎ የሱዊድ ጫማና በክራቫቱ ሳይቀር ተናደደ። ዎ ወደ አፋር በረሃ አብሬህ ልሂድ ቢለው እምቢ አለው፤ አብረው ቢሄዱ ኖሮ የሚመለሰው አንዳቸው ብቻ ይሆን ነበር ብሎ እንዳሰበም ኋላ ተናግሯል። እግር ለእግር ሲጓዝ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ለነጭናጫ ትዕግሥት የለውም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዎ ተመለሰ። አሁን 1935 ነው፤ ጣሊያን ሊወረን ተዘጋጅቷል፤ ዎ ደግሞ ለጣሊያን ያደላ ለነበረው «ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ነው የመጣው። በ1936 ያሳተመውን «ዎ ኢን አቢሲኒያ» የተባለውን መጽሐፍ ሳነብ ሳቄ ቆመ። ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። ምጸቱ ያው ነው። ሰውየው አሁንም ስለ ሆቴል፣ ስለ ቢሮክራሲ፣ ስለ ዝናብ ያማርራል። ነገር ግን ምሬቱ ወደ ክርክር ተለውጧል፦ አገሪቱ እንዲህ የማትመች ከሆነች፣ እንዲህ ኋላ ቀር ከሆነች፣ ሌላ ቢገዛት ምን አለበት? የመጨረሻው ምዕራፍ ጣሊያን ስለሚሠራው መንገድ የሚያወድስ ነው። ያ መንገድ የተሠራው የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ከተረጨ በኋላ መሆኑን አንባቢው ከዚያ ውዳሴ አይረዳም። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ ግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምዕመናን በመቶዎች እየተቆጠሩ ተረሸኑ። ዎ እንግዳ ሆኖ ያደረበት ገዳም ነው።

እዚህ ላይ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ምክንያቱም ካርልም እኮ ስለ ሽንት ቤት ነው የሚያወራው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ ካርል ሲያማርር የሚሳቅበት ካርል ነው፤ ከኋላው ሁለት ጓደኞቹ ብቻ አሉ፣ እነሱም በሱ ላይ ይስቃሉ። ዎ በ1935 ሲያማርር ከኋላው ጋዜጣ ነበር፤ ከጋዜጣው ኋላ ደግሞ ጦር። ይሄ መልስ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ካርልም ሕንድ ላይ ስለ ቆሻሻ ሲናገር፣ የሚያዩት እንግሊዛውያን ሁሉ በካርል ላይ ብቻ ነው የሚስቁት ብዬ አልምልም። እኔ ራሴ የሳቅኩበት ቦታ አለ፤ መለስ ብዬ ሳየው ደስ አላለኝም።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። የእኛዎቹ መንገደኞችስ?

«ሪሞት ፒፕል» በታተመበት በዚያው በ1931፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን መርተው ጃፓን ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶንም አገኙ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፦ ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱን ብቻ እዩት። ዎ የኛን አገር ቅዠት ሲላት፣ ኅሩይ የሰውን አገር የብርሃን ማደሪያ ይሏታል። ኅሩይ መቼም የተፈጥሮ ነጭናጫ አልነበሩም እንበል። ቢሆኑስ ኖሮ? መርከብ ላይ ሆዳቸውን ቢያማቸው፣ ምግቡ አልዋጥ ቢላቸው፣ መጻፍ ይችሉ ነበር? የሄዱት አገር ወክለው ነው። ጃፓን እንዴት ሳትገዛ ሠለጠነች የሚለውን ሊያዩ፣ ወዳጅ ሊያፈሩ። አገሩን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ስለ አልጋ አያነሳም። ከኅሩይ ቀድሞ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ባሳተመው የመንገደኛ መምሪያ ውስጥ መራራ ምሬት አለ፤ ግን ምሬቱ በራሱ አገር አስተዳደር ላይ ነው፤ የሚጽፈውም ለፈረንጅ መንገደኛ። ሰውየው ኋላ ከጣሊያን ጋር መሰለፉን ስናውቅ ደግሞ ያም ምሬት ሌላ ጣዕም ያመጣል።

ኅሩይ ከንጉሡ ጋር ተሰደው በ1938 እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ ውስጥ አረፉ። በዚያው ዓመት ዎ በአዲስ አበባ ትዝታው ላይ ተመሥርቶ የጻፈው «ስኩፕ» የተባለው አስቂኝ ልብ ወለድ ታተመ። እስከ ዛሬ ስለ ጋዜጠኞች ከተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ አስቂኙ እሱ ነው የሚሉ አሉ። ያስቃል፤ አልዋሽም።

ይህን ሁሉ ለአባዬ ስነግረው የያዘው የጣሊያኑን መንገድ ብቻ ነው። በወጣትነቱ ረዳት ሆኖ በአሰብ መንገድ ሠርቷል፤ የጣርማበርን ዋሻ ስንቴ እንዳለፈ አይቆጥረውም። «መንገዱስ ጥሩ ነበር» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ «ድንጋዩን የፈለጠው ግን የኛው ሰው ነው፤ ያንን ጽፏል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሠራተኞቹ ምን እንዳለ ዘልዬ ይሆን ብዬ መጽሐፉን እንደገና ከፈትኩ። አባዬ እስክጨርስ አልጠበቀም፤ ሌላ ክፍል ክፈችልኝ አለ።

የከፈትኩለት የዮርዳኖሱን ነው። ካርል ፔትራ ላይ፣ ከዐለት በተፈለፈለው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለ ዋሻ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ተነስቶ የሚለው ነገር ዝነኛ ሆኗል፦ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ዋሻው ይሻላል፤ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ቤተ መንግሥቱን እያየ ይኖራል፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ግን የሚታየው ዋሻ ነው። 

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ያልጠየቅኩትን ማውራት ጀመረ። ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲበዛ ተሳቢው ሥር ጆንያ አንጥፎ ይተኛ ነበር። ውሃውን እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ጀሪካን ያንጠለጥላል። ጅቡቲ፣ ፒኬ 12 ላይ፣ ማዳበሪያ ለመጫን ቀናት ሲጠብቅ በሐምሌ ሙቀት ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሌሊቱን ይቆጥራል። አንድ ጊዜ እኔ ቤት ውስጥ በትኩሳት ታምሜ፣ እሱ ድንበሩ ላይ ወረቀት ጎድሎት አራት ቀን ቆመ። ይህንን ነግሮን አያውቅም። ሲመለስ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ደህና ነው፤ ትንሽ ይሞቃል።»

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? እናትሽ እንድትጨነቅ?»

ሃያ ምናምን ዓመት ድንበር ሲሻገር የኖረ ሰው ነው። አንድም ቀን «ጉዞ» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ «መንገድ ልወጣ ነው» ነው የሚለው። ከእኛ ቤት ብዙ አገር ያየው እሱ ነው ብዬ ሳስብ ገረመኝ። ላፕቶፑ ላይ ካርል ስለ ግመል እየተነጫነጨ ነበር።

ለቪዛው ይግባኝ ማቅረቢያ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ቅጹ ላይ «መሄድ የፈለጉበትን ምክንያት ያብራሩ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። የመጀመሪያው ላይ በጣም የጓጓሁ ሆኜ ነው የጻፍኩት፣ እንደ ብላቴን ጌታ። ሁለተኛው ላይ እውነቱን።

«አባዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ትጽፋለህ?» አልኩት።

«ሥራ ነው በያቸው» አለና ድምፁን ጨመር እንዳደርግለት በእጁ ምልክት ሰጠኝ።